ለኮራል የሚስማማ መደብ፦ ከበቾ ቦሬ ጥቁር ድንጋይ እስከ ዳናኪል ጥንታዊ ሪፍ

በጅማ ከተማ በቾ ቦሬ የሚኖር አንድ ተማሪያችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሁለት ፌስታል ይዞ ወደ ቢሯችን መጣ። በአንደኛው ከአዌቱ ወንዝ ዳር የዛቀው አሸዋ፣ በሌላኛው ደግሞ ለቤት መሠረት ከሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይ የተሰበረ ጠጠር ነበረበት። በውጭ አገር የሚኖር ወንድሙ የመስታወት አኳሪየም ከነፓምፑ ሊልክለት ቃል ገብቶለታል፤ ለእረፍት ሲመጣም ኮራሎችን በሻንጣው ይዞለት ሊመጣ አስቧል። የተማሪው ጥያቄ አጭር ነበር፦ «መምህር፣ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ለኮራሎቹ ይስማማቸዋል?»

ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ሥነ ሕይወትን በአንድነት የሚጠይቅ ሆኖ አገኘነው። ብዙዎች ከአኳሪየም ሥር የሚነጠፈውን አሸዋ እንደ ጌጥ ይመለከቱታል፤ ጥቂቶች ደግሞ ለኮራል ምግብ የሚሰጥ ማዳበሪያ አድርገው ያስቡታል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው አሸዋው ጌጥም ማዳበሪያም ከመሆኑ በፊት የሚተነፍስ አካል መሆኑን ነው። መደብ መምረጥ ማለት በአብዛኛው ኦክስጅን ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚደርስ መምረጥ ማለት ነው። ይህ ደግሞ እንደ ጅማ ባለ ደጋማ ከተማ ውስጥ ከባሕር ዳር ከተሞች ይልቅ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ ኮራል ምንድን ነው? መደብስ?

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ እጅግ ብዙ ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው በአንድነት ይኖራሉ። እያንዳንዱ ፖሊፕ ከባሕር ውኃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ከሥሩ ጠንካራ አጽም ይገነባል። በሥጋው ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ምግብ እያዘጋጁ አብዛኛውን ስንቁን ይሸፍኑለታል። በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ አጽም በአጽም ላይ ሲደራረብ በባሕር ውስጥ የሚገኘው አለታማ ቅጥር፣ ማለትም ሪፍ፣ ይፈጠራል።

በአገራችን የቡና ችግኝ የሚያፈላ ገበሬ አስቀድሞ መደቡን ያዘጋጃል፤ አፈሩን ይመርጣል፣ ያለሰልሳል፣ ውኃ እንዳይቋጥር አድርጎ ከፍ ያደርገዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ኮራሎችና ሌሎች የአኳሪየም ነዋሪዎች የሚያርፉበትን ነገር ሁሉ መደብ ብለን እንጠራዋለን። ነገር ግን አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። ኮራል ሥር የለውም፤ ከመደቡ ምግብ አይስብም። በመሆኑም ሁለት ዓይነት መደብ እንዳለ መለየት ይኖርብናል። አንደኛው ኮራሉ የሚጣበቅበት ጠንካራ አለት ሲሆን ሁለተኛው ከመስታወቱ ወለል ላይ የሚነጠፈው አሸዋ ነው።

በተፈጥሮ የኮራል እጭ ለጥቂት ጊዜ በውኃ ውስጥ ከተንሳፈፈች በኋላ ቋሚ መኖሪያዋን ትመርጣለች። የምትመርጠው የማይንቀሳቀስ ጠንካራ ገጽ ነው፤ በተለይም ሮዝ ቀለም ያለውና እንደ ድንጋይ የጠነከረ የአልጌ ቅርፊት የሸፈነው አለት ይስባታል። በሚንከባለል አሸዋ ላይ ብታርፍ ትቀበራለች ወይም ተፈጭታ ትሞታለች። ከዚህ ሕግ ውጪ የሆኑ፣ እንደ ፈንጊያ ያሉ በአሸዋ ላይ ሳይጣበቁ የሚኖሩ ኮራሎችም አሉ። አብዛኞቹ ግን አለት ይፈልጋሉ። በቤት አኳሪየም ውስጥም ከእናት ኮራል የተቆረጠ ቁራጭ በአለት ላይ በማጣበቂያ ይያያዛል እንጂ በአሸዋ ውስጥ አይተከልም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ መደቡ ከምን ተሠራ?

ከተማሪያችን ጠጠር ላይ ጥቂት ጠብታ አቼቶ አፈሰስንበት፤ ምንም አልሆነም። ቀጥለን ከድሬዳዋ በመጣ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ላይ ስናፈስ ድንጋዩ ጥቃቅን አረፋ አወጣ። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አቼቶ አሲድ በመሆኑ ካልሲየም ካርቦኔትን ሲነካ ይህን ጋዝ ያስለቅቃል።

የልዩነቱ ምክንያት የአገራችን የመሬት ታሪክ ነው። የጅማ አካባቢ በአብዛኛው የተሸፈነው በአሥር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ከመሬት ውስጥ ፈስሶ በረጋ የእሳተ ገሞራ አለት ሲሆን፣ በተማሪያችን ፌስታል የነበረው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። በድሬዳዋ፣ በመቀሌ ዙሪያና በዓባይ ሸለቆ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ግን በጥንታዊ ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ጥሬ ዕቃም ይኸው ነው። ኮራልም አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ ቅርጹ አራጎናይት የሚባለው ክሪስታል ነው።

እዚህ ላይ በብዙ የአኳሪየም መጻሕፍትና ማስታወቂያዎች የሚደጋገም አንድ አስተሳሰብ አለ። «የአራጎናይት አሸዋ በውኃው ውስጥ እየሟሟ ለኮራል ካልሲየም ይሰጣል» ይባላል። ነገሩ በከፊል እውነት ቢሆንም በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሞቃታማ የባሕር ላይኛው ውኃ ቀድሞውኑ ከልኩ በላይ በአራጎናይት የተሞላ ነው። ስኳር ከሥሩ እስኪዘቅጥ ድረስ የተጨመረበት ሻይ ተጨማሪ ስኳር እንደማያሟሟ ሁሉ፣ ጤናማ የባሕር ውኃም የአራጎናይት አሸዋን አያሟሟም። አሸዋው የሚሟሟው ባክቴሪያዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚያመነጩበትና ውኃው ይበልጥ አሲዳማ በሚሆንበት በመደቡ ጥልቅ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ የሚገኘው ካልሲየም በፍጥነት ለሚያድጉ ኮራሎች ብዙውን ጊዜ አይበቃም። በመሆኑም የኮራል አሳዳጊ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም የሚሆነውን የካልሲየም መጠን እየለካ መጠበቅ ይኖርበታል እንጂ አሸዋዬ ይሰጠኛል ብሎ መዘናጋት የለበትም።

በለስላሳ ወንዝ ወይም በዝናብ ውኃ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እንዲህ ያለው ውኃ በካልሲየም ካርቦኔት ያልተሞላ በመሆኑ የኖራ ድንጋይን ያሟሟል፤ የውኃው ፒኤችም ከፍ ይላል። በቤቱ የጣፋጭ ውኃ ዓሣ የሚያረባ ሰው ነጭ ጠጠር ሲጨምር የውኃው ጠባይ የሚለወጥበት ምክንያት ይህ ነው። አንዱ ድንጋይ በሁለት ውኃ ውስጥ ሁለት ጠባይ ያሳያል ማለት ነው።

ታዲያ ጥቁሩ ድንጋይ ለኮራል ጠላት ነውን? አይደለም። በሃዋይ ደሴቶች ኮራሎች የሚያድጉት ከእሳተ ገሞራ በወጣ ባዛልት ላይ ነው። አለት ለመጣበቂያነት የግድ ኖራ መሆን የለበትም፤ ጠንካራ፣ የማይንቀሳቀስና ከመርዛማ ነገር የጸዳ መሆኑ ይበቃል። አደጋው ያለው ምንጩ በማይታወቅ ድንጋይና አሸዋ ላይ ነው። እንደ መዳብ ያሉ ብረቶች በጥቂቱም ቢሆን የጀርባ አጥንት የሌላቸውን የባሕር እንስሳት ይገድላሉ። ከእርሻ ማሳ የመጣ ድንጋይ ፎስፌት ሊይዝ ይችላል፤ ፎስፌት ደግሞ የኮራሉን አጽም ግንባታ ያደናቅፋል፣ ያልተፈለገ አልጌንም ያፋፋል። ከተማን አቋርጦ ከሚያልፍ ወንዝ የተዛቀ አሸዋ ደግሞ የከተማውን ፍሳሽ አብሮ ተሸክሞ ይመጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ቅንጣቱ ምን ያህል ነው?

ቡና ሲፈላ «ይስከን» ብለን ጀበናውን ለጥቂት ደቂቃ በማቶቻው ላይ እንተወዋለን። በዚያች ጊዜ የተወቀጠው ቡና ወደ ጀበናው ሥር ይዘቅጣል። ሸካራው ቶሎ ሲዘቅጥ እጅግ የላመው ግን እስከ ሲኒው ድረስ ይከተለናል። የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን በስቶክስ ሕግ ያውቁታል፤ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት በፈሳሽ ውስጥ የሚወርድበት ፍጥነት ከዲያሜትሩ ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል። ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ሕጉን በጅማ ቀይ አፈር ላይ እንሞክረው። ዲያሜትሩ 0.002 ሚሊሜትር የሆነ የሸክላ ቅንጣት 40 ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው ጨዋማ ውኃ ውስጥ ረግቶ ለመዝቀጥ 30 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የአኳሪየም ፓምፕ ደግሞ ውኃው ለአንድ ደቂቃም እንዲረጋ አይፈቅድም። ስለዚህ ያልታጠበ አፈራማ አሸዋ የገባበት አኳሪየም ለብዙ ቀናት ይደፈርሳል፤ ብርሃን ይጋረዳል፤ ደለሉም በፖሊፖቹ ላይ ያርፋል። ኮራሉ ደለሉን ለማራገፍ ንፍጥ እያመነጨ ጉልበቱን ይጨርሳል።

ደቃቅ አሸዋ ይህን ጉዳት ቢያስከትልም ትልቅ ጥቅምም አለው። የዓሣ ኩስና የምግብ ትራፊ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። በአሸዋው ገጽ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን እየተጠቀሙ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚቀንሰው ናይትሬት ይለውጣሉ። እነዚህ ሠራተኞች መኖሪያ ይፈልጋሉ፤ መኖሪያቸውም የአሸዋው ገጽ ስፋት ነው።

እስቲ እናስላው። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50፣ የውኃው ጥልቀት 40 ሴንቲሜትር የሆነ አኳሪየም 200 ሊትር ውኃ ይይዛል። በወለሉ ላይ 3 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው አሸዋ ብናነጥፍ 15 ሊትር አሸዋ ይሆናል። ቅንጣቶቹን እንደ ክብ ኳስ፣ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ ደግሞ 40 በመቶ አድርገን ብንወስድ፣ የ4 ሚሊሜትር ጠጠር ጠቅላላ ገጽ 13.5 ካሬ ሜትር፣ የ1 ሚሊሜትር አሸዋ 54 ካሬ ሜትር፣ የግማሽ ሚሊሜትር አሸዋ ደግሞ 108 ካሬ ሜትር ይሆናል። በጠረጴዛ ላይ በምትቀመጥ የመስታወት ሣጥን ውስጥ የአንድ መኖሪያ ቤት ወለል የሚያህል ስፋት ተጣጥፎ ይገኛል ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥተን የደቀቀው ሁሉ ይሻላል ብንል ግን እንሳሳታለን። በአሸዋ መካከል ውኃ የማለፍ አቅሙ ከቅንጣቱ ዲያሜትር ስኩዌር ጋር ይሄዳል። ቅንጣቱን በግማሽ ብናሳንሰው የባክቴሪያዎቹ መኖሪያ በእጥፍ ይጨምራል፤ ነገር ግን ውኃ የማሳለፍ አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቤቱ ሰፋ፣ በሩ ግን ጠበበ እንደ ማለት ነው። በተቃራኒው 4 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጠጠር በሩን ወለል አድርጎ ቢከፍትም ቆሻሻ በክፍተቱ እየገባ ይቀበራል፤ ከዓይንም ተሰውሮ ይበሰብሳል። አብዛኞቹ አሳዳጊዎች ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነውን መካከለኛ አሸዋ የሚመርጡት ሁለቱን ለማስታረቅ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ውፍረቱ ምን ያህል ይሁን?

ውኃ በማይንቀሳቀስበት የአሸዋ ክፍል ውስጥ ኦክስጅን የሚገባው ዲፊዩዥን በሚባለው ቀርፋፋ ሂደት፣ ማለትም ሞለኪውሎች በራሳቸው ግጭት እየተገፉ ሲሰራጩ ነው። የሚፈጀው ጊዜ ከርቀቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ኦክስጅን በረጋ ውኃ ውስጥ 1 ሴንቲሜትር ለመሰራጨት 7 ሰዓት ገደማ፣ 3 ሴንቲሜትር ለመሰራጨት 2 ቀን ተኩል ገደማ፣ 10 ሴንቲሜትር ለመሰራጨት ግን አንድ ወር ያህል ይፈጅበታል። በአሸዋ መካከል መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ከዚህም ይዘገያል። በመንገዱ ላይ የሚጠብቁት ባክቴሪያዎችም ሳይደርስ ይጨርሱታል። በመሆኑም በደቃቅ አሸዋ ውስጥ ኦክስጅን የሚገኘው ከላይ ባለው ጥቂት ክፍል ብቻ ነው።

ኦክስጅን የሌለበት ክፍል ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። በዚያ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ከናይትሬት ውስጥ ኦክስጅኑን ወስደው ናይትሮጅኑን በጋዝ መልክ ይለቁታል፤ ጋዙም ወደ አየር ይወጣል። በሞናኮ የሠራው ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዣን ዦቤር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ ይህንኑ ተፈጥሮ የሚጠቀም ነበር። ወፍራም የአሸዋ መደብ ከወለሉ ከፍ ብሎ በወንፊት ላይ ይነጠፋል፤ ከሥሩም ባዶ የውኃ ክፍል ይተዋል። ይሁን እንጂ በወፍራም መደብ ውስጥ ቆሻሻ ሲጠራቀምና ናይትሬቱም ሲያልቅ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተራውን ይረከባሉ፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለውን የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያለው መርዝም ያመነጫሉ። ወፍራም መደብ ሳይታወቅ ሲናጥ አንድ ሌሊት የዓመታትን ድካም ሊያጠፋ ይችላል።

አሁን ወደ ጅማ እንመለስ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳር ካለው 81 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በውኃ ውስጥ የሚሟሟው የጋዝ መጠን ከውኃው በላይ ካለው የጋዝ ግፊት ጋር ስለሚመጣጠን፣ ለኮራል በሚስማማው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በባሕር ዳር 1 ሊትር ጨዋማ ውኃ 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ በጅማ የሚይዘው 5.4 ሚሊግራም ገደማ ነው። የ200 ሊትሩ አኳሪየማችን በሙላት የሚይዘው ኦክስጅን ከ1 ግራም ብዙም አይበልጥም ማለት ነው።

ይህን አንድ ግራም ዓሣው፣ ኮራሉ፣ አልጌውና በ54 ካሬ ሜትር ገጽ ላይ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች ሁሉ ይሻሙበታል። ቀን አልጌዎቹ በብርሃን ኦክስጅን ያመነጫሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም ይተነፍሳሉ። በሌሊት መብራት ሲጠፋና ፓምፑ ሲቆም ከአየር የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ቆሻሻ ያዘለው መደብ ግን መተንፈሱን አያቆምም። እንግዲህ በባሕር ዳር ከተማ የተጻፈ መመሪያ «10 ወይም 15 ሴንቲሜትር አሸዋ አንጥፉ» ቢል፣ መብራት በሚቆራረጥበት የጅማ ቤት ውስጥ ምክሩን እንዳለ መቀበል አይገባም። ቀጭንና ንጹሕ መደብ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያም በተጠንቀቅ መያዝ ለእኛ ከፍታ ይበልጥ ይስማማል።

የዳናኪል ምስክርነት

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር በር ባይኖራትም የኮራል ሪፍ ግን አላት። ሕይወት የሌለው ይሁን እንጂ በደረቅ ምድር ላይ ቆሞ ይታያል። ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የምድር አየር ሞቆ የባሕር ወለል ከፍ ባለ ጊዜ የቀይ ባሕር ውኃ ወደ ዳናኪል ዝቅተኛ ምድር ገብቶ ነበር። በዚያ ባሕር ዳርቻ ኮራሎች ሰፍረው ሪፍ ገነቡ። ኋላ ግን ምድሩ ከባሕሩ ተለየ፤ ውኃው በፀሐይ ተነነ፤ ጨውም ቀረ። ዛሬ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በዳሎል አካባቢ ጨው ሲቆረጥ፣ በዝቅተኛው ምድር ጠርዞች ደግሞ የጥንቶቹ ኮራሎች አጽም ከነቅርጹ ይገኛል።

በዚሁ ዘመን ከተፈጠሩት ሪፎች አንዱ በኤርትራ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሚገኘው የአብዱር የኖራ ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት በዚህ ሪፍ ውስጥ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያዎች መገኘታቸውን አስታውቆ የዓለምን ትኩረት ስቦ ነበር።

የዳናኪል ሪፍ ለአኳሪየም አሳዳጊም ትምህርት አለው። መደቡ ዛሬም አለ፤ አለቱ ጠንካራ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔቱም አልጎደለም። የጠፋው ውኃው ነው። ጨውነቱ፣ ሙቀቱና እንቅስቃሴው ልክ ሆኖ የሚቆይ ውኃ ከሌለ ምርጥ መደብ መቃብር ይሆናል። እግረ መንገዳችንንም ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ሆነ የወጥ ቤት ጨው የባሕርን ውኃ ሊተካ እንደማይችል እናስገነዝባለን። ሁለቱም በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ሲሆኑ የባሕር ውኃ ግን ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን በተወሰነ መጠን የያዘ ነው።

በቤትና በትምህርት ቤት የሚሠሩ ፍተሻዎች

ኮራል የሌላቸው አንባቢዎቻችንም ቀጥሎ ያሉትን ፍተሻዎች በቀላል ዕቃ ሊሠሯቸው ይችላሉ።

አንደኛ፣ የአቼቶ ፍተሻ። ድንጋዩን አጥቦ ማድረቅና ጥቂት ጠብታ ማፍሰስ ነው። አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለበት። አረፋ አለማውጣቱ ብቻውን ድንጋዩን መጥፎ አያሰኘውም፤ ካርቦኔት አለመሆኑን ብቻ ያመለክታል።

ሁለተኛ፣ የማግኔት ፍተሻ። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በላስቲክ ጠቅልሎ በደረቁ አሸዋ ላይ ማንሸራተት ነው። ከወንዛችን አሸዋ ውስጥ ጥቁር ደቃቅ ቅንጣት ተሰብስቦ በማግኔቱ ላይ እንደ ጢም ሲቆም ይታያል፤ ይህ በአብዛኛው ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን ነው። እንዲህ ያለ ቅንጣት በአኳሪየም የመስታወት መጥረጊያ ማግኔት ላይ ተጣብቆ መስታወቱን ይፍቃል።

ሦስተኛ፣ የጠርሙስ ፍተሻ። ሲሶው አሸዋ፣ የቀረው ውኃ የሆነ ጠርሙስ በኃይል መነቅነቅና ማስቀመጥ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላም ውኃው ድፍርስ ከሆነ ሸክላ በዝቶበታል፤ ጠርሙሱ ሲነቀነቅ ውኃው ወዲያው እስኪጠራ ድረስ ሊታጠብ ይገባል።

አራተኛ፣ የሁለት ብርሌ ፍተሻ። የላመ የኖራ ድንጋይ በዝናብ ውኃ በተሞላ አንድ ብርሌና ለአኳሪየም በተዘጋጀ የባሕር ጨው ውኃ በተሞላ ሌላ ብርሌ ውስጥ መጨመርና ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በፒኤች ወረቀት መለካት ነው። የዝናቡ ውኃ ፒኤች ሲወጣ የባሕሩ ውኃ ግን እምብዛም እንደማይለወጥ ተማሪዎች በራሳቸው ዓይን ያረጋግጣሉ። ስለ ሙሌት በክፍል ውስጥ የተማሩት ሁሉ በሁለት ብርሌ ይታያቸዋል።

ከመነጠፉ በፊትና በኋላ

ትልልቆቹ አለቶች መቀመጥ ያለባቸው በመጀመሪያ፣ በቀጥታ በወለሉ ላይ ነው፤ አሸዋው ከዚያ በኋላ በዙሪያቸው ይነጠፋል። አለቱ በአሸዋ ላይ ከቆመ አሸዋ የሚቆፍር ዓሣ ወይም ሸርጣን ከሥሩ ሲያጎድልበት ይናዳል፤ መስታወቱንም ሊሰብር ይችላል። በአገር ውስጥ ከሲሚንቶና ከተፈጨ የኖራ ድንጋይ አለት ለማበጀት ለሚሹ ደግሞ ዘዴው የታወቀ ነው፤ በባሕር ውስጥ የተጎዱ ሪፎችን ለማደስም የሲሚንቶ ቅርጾች ይተከላሉ። ነገር ግን ትኩስ ሲሚንቶ የውኃን ፒኤች አለልክ ከፍ ስለሚያደርግ፣ አለቱ ውኃው በየጊዜው እየተቀየረ ለሳምንታት መዘፍዘፍ አለበት። የመዘፍዘፊያው ውኃ ፒኤች ከጨመርነው ንጹሕ ውኃ ፒኤች ብዙ የማይርቅ እስኪሆን ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል።

መደቡ ከተነጠፈ በኋላም ባክቴሪያዎቹ እስኪሰፍሩ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። አሞኒያና ናይትራይት በመለኪያ ሲታዩ ዜሮ ሳይሆኑ ኮራል ማስገባት ኮራሉን ለሞት መላክ ነው።

የሩቁ ባሕርና የእኛ ኃላፊነት

የኮራል ጉዳይ የግል መዝናኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በታሪክ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት እየተካሄደ መሆኑን አስታውቋል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ አብረውት የሚኖሩትን አልጌዎች ያስወጣል፤ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። በዚህ ዘመን ከባሕር የተነጠቀ እያንዳንዱ ኮራል በቸልተኝነት በቤት ውስጥ ቢሞት ጥፋቱ ድርብ ነው።

ሕግም አለ። ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው፣ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ተመዝግበዋል፤ ኢትዮጵያም ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ያለ ላኪው አገር ፈቃድ ኮራልን በሻንጣ ይዞ ድንበር ማቋረጥ ሕግ መተላለፍ ነው። የተሻለው መንገድ በማራቢያ ጣቢያ ከአድጉ ኮራሎች የተቆረጡ ቁራጮችን ከነሕጋዊ ሰነዳቸው ማግኘት ነው።

ለተማሪያችን የሰጠነው መልስም ይኸው ነበር። የወንዙን አሸዋ ወደ ቦታው እንዲመልሰው፣ ጥቁሩን ድንጋይ ምንጩ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጦና ደጋግሞ አጥቦ ለአለትነት ሊጠቀምበት እንደሚችል፣ ለወለሉ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ የአራጎናይት አሸዋ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ውፍረት እንዲያነጥፍ መከርነው። ወንድሙም ኮራሎቹን ትቶ የውኃ መመርመሪያና በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ እንዲያመጣለት እንዲጽፍለት ነገርነው። ተማሪው ጥቂት ቅር ቢለውም ፌስታሎቹን አንሥቶ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና «መምህር፣ እንግዲያውስ መጀመሪያ አሸዋውን ነው የማሳድገው ማለት ነው?» አለን። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ እኛም አልነበረንም።